ነጎድጓድ ሲሰማ ያጠፋሁት መብራት

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ የአሶሳ ሰማይ ጠቁሮ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ልጄ ወደምታጠናበት ክፍል ሮጬ ገባሁ።

«የጻፍሽውን አስቀምጠሻል?»

«እማ፣ ራሱ ያስቀምጣል እኮ! ባትሪም አለው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ!»

የላፕቶፑን ገመድ ከግድግዳው የነቀልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከሆሞሻ ገጠር ወደ አሶሳ መጣሁና ለውጭ ተማሪዎች በተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ተቀጠርኩ። ተማሪዎቹ ከሱዳን ተሰደው ከሆሞሻ ወዲያ ባለው ካምፕ የሚኖሩ ልጆች ነበሩ። አንድ የመሰናዶ ዓመት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ኮምፒውተር ይማራሉ። የመጨረሻውን ፈተና ያለፈ አዲስ አበባ ሄዶ ኮምፒውተር ሳይንስ በዲግሪ ይማራል፤ የወደቀ ወደ ካምፑ ይመለሳል።

ኮምፒውተሮቹን የማጸዳው እኔ ነበርኩ። አቧራ እንዳይገባ ተማሪዎቹ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፤ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጫማ እጠብቃለሁ። የመብራቱ ማጥፊያ ያለበት የብረት ሳጥንም እዚያው በረንዳ ላይ ነበር። አስተማሪው መምህር ታደለ መጀመሪያ ቀን ቁልፉን ሲሰጠኝ «ዘይነብ፣ እነዚህ ኮምፒውተሮች ከአንቺ ሌላ ዘመድ የላቸውም። አደራ!» አለኝ። እሱ ሊያስቀኝ ብሎ ነበር። እኔ ግን አደራውን ይዤ እንቅልፍ አጣሁ።

ብቸኝነት የገባኝ በዚያ ዓመት ነው። በእኛ ቤት ሰው ብቻውን አይበላም፤ የማሽላ ገንፎና ባሚያ በአንድ ሳሕን ቀርቦ ሁሉም እጁን ይሰዳል። በተከራየሁት ክፍል ግን ቁራሽ ዳቦ ይዤ ግድግዳውን እያየሁ እበላ ነበር። ገበያ ስወጣ የበርታ ቋንቋችንን እሰማለሁ፤ ለእኔ የተነገረ ግን አልነበረም።

ሐዋ ስትመጣ ይህ ተለወጠ። ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። የተወለደችው ከድንበሩ ማዶ፣ ከኩርሙክ አጠገብ ነው። እነ መምህር ታደለ «የውጭ ተማሪ» ይሏታል፤ እኔን ግን በእናቴ ቋንቋ የምታናግረኝ እሷ ብቻ ነበረች። ጫማዋን ስታወልቅ «የጫማ ንግሥት፣ ዛሬ ስንት ወታደር አለሽ?» ትለኛለች። በእረፍት ሰዓት በረንዳው ላይ ማንጎ እየላጥን እንጨዋወታለን። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ጣቷ በቁልፎቹ ላይ ሲንከራተት ወንዶቹ «ሐዋ ፊደል ፍለጋ ወጥታለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷ ግን ሁሉም ከወጡ በኋላ እየተለማመደች ትቆያለች።

የመጨረሻው ፈተና በሰኔ ሆነ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፕሮግራም ይጽፋል። በዚያ ቀን ዝናብ ቀደም ብሎ መጣ። ሰማዩ ሲሰነጠቅ ጫማዎቹን ሰብስቤ ከዝናቡ አሸሸሁ። ሁለተኛው ነጎድጓድ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው ደግሞ እጄ ወደ ሳጥኑ ሄደ። በአገራችን መብረቅ ሰውንም ከብትንም ሲመታ አይቻለሁ። ኮምፒውተሮቹ ተቃጠሉ ብዬ ፈራሁና ማጥፊያውን ወደ ታች ሳብኩት።

ፈተና ላይ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ግን ኩራዝ ቢጠፋ ደብተር ላይ የተጻፈ አይጠፋም። የኮምፒውተሩንም እንደዚያው ነበር የማስበው።

«መብራት ሄደ!» ብለው ጮኹ። መብራት በየቀኑ ስለሚሄድ ማንም አልተጠራጠረም። ነጎድጓዱ ሲርቅ መልሼ አበራሁት። ከዚያ የሐዋን ድምፅ ሰማሁ፤ የጻፈችው ሁሉ የለም። ወንዶቹ በየመሃሉ አስቀምጠው ነበር። መምህር ታደለም አስቀድሞ «መብራት አይታመንም፤ ያላስቀመጠ እኔን እንዳይለምነኝ» ብሏቸዋል።

ስትወጣ እያለቀሰች አልነበረም። አጠገቤ ተቀምጣ ጫማዋን አሰረች።

«ለምን አላስቀመጥሽም?» አልኳት።

«አንድ ስህተት ቀርቶት ነበር። ስህተት ያለበትን ማስቀመጥ አሳፈረኝ።» ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋ «ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ። አላህ ያጠፋውን መብራት ማን ያበራዋል?» አለች።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ከሥራ ስባረር፣ ወደ ሆሞሻ ስመለስ፣ አባቴ ሲያየኝ ታየኝና ዘጋሁት። በማግስቱ የካምፑ መኪና ወሰዳት።

በሦስተኛው ቀን፣ መምህር ታደለ ውጤት ሲጽፍ ወለሉን እየወለወልኩ ነበር።

«መምህር፣ መብራቱ አልሄደም ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እና ሦስት ቀን ሙሉ ምን ትጠብቂ ነበር?»

ብዙ ተቆጣ። በመጨረሻ «ውጤቱ ሰኞ ይላካል። ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ከተገኘች እፈትናታለሁ። ራስሽ ሄደሽ አምጫት» አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ማንጎ ሊጭን ባዶውን በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈርኩ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን። በሆሞሻ ስናልፍ የቤታችንን አቅጣጫ አላየሁም። ሐዋን ከድንኳናቸው ፊት ባሚያ እየከተፈች አገኘኋት። ስታየኝ በደስታ ብድግ አለች፤ ናፍቄያት የመጣሁ መስሏት ነበር። ሁሉንም በቋንቋችን ነገርኳት። እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ። ቢላዋውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ለሁለታችንም የሰው ቋንቋ በሆነው በአማርኛ ተናገረች።

«ፈተና መቼ ነው?»

«ነገ» አልኳት በቋንቋችን።

«እሺ። እኔ ይመጣል።»

መመለሻ መንገዱን ሁሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። እኔ በቋንቋችን አወራለሁ፤ እሷ በአማርኛ «እሺ»፣ «አዎ» ትላለች። ቅዳሜ ተፈተነችና አለፈች። ስታልፍ አለቀስኩ። እኔንም አላባረሩኝም፤ መምህር ታደለ ሳጥኑ ላይ «ያለ ፈቃድ አይነካም» የሚል ወረቀት ለጠፈ፤ ወረቀቱ የሚከለክለው ግን የመጀመሪያውን ስህተቴን ብቻ ነበር። ሐዋ አዲስ አበባ በምትሄድበት ቀን አውቶቡሱ ጋ ተከትያት ሄድኩና ይቅርታ ለመንኳት። እጄን ያዘች። «እኔ ይቅር ብሏል» አለችኝ፤ እሱንም በአማርኛ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቷን ለመቀጠል ከቤት ትወጣለች። የመከርኳትን ሁሉ ስቆጥር፣ ምግብሽን ብዪ፣ ማታ አትውጪ፣ ዕቃሽን ጠብቂ፣ ሁሉም ከውጭ ስለሚመጣ ክፉ ነገር ነው። ከራሷ እጅ ስለሚወጣው አንድም ቃል አልነገርኳትም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

መብራቱን ያጠፋሁት ጽሑፏ እንደሚጠፋ ሳላውቅ ነው፤ ሐዋ ለእሱ ከልቧ ይቅር ብላኛለች ብዬ አምናለሁ። አላህ ነው ያጠፋው ብላ ስትጽናና አጠገቧ ተቀምጬ ዝም ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው። ለእሱ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። እኔም ራሴን ገና ይቅር አላልኩም።