ነጠረች፣ መልሺ

መምህር የሻምበል ሰቆጣ ላይ ስፖርት ማስተማር የጀመረው ጢሙ በወጉ ሳይበቅል ነው። ዘንድሮ አንድ ጆንያ ትንንሽ ራኬትና ለስላሳ ኳስ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ባልደረቦቹ «ቴኒስ? እዚህ?» ብለው ሳቁበት። ይሳቁ! እሱ ሥራውን ያውቃል። ሕፃን መጀመሪያ ራኬት አይይዝም፤ ኳስ በመዳፉ አስቀምጦ ይራመዳል፣ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ አንጥሮ ይቀልባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ራኬት የያዙ ዕለት በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ገመድ ወጠረ። ጊዜውን በድምፅ ሊያስይዛቸው ፈልጎ፣ ኳሷ መሬት ስትነካ «ነጠረች!» አለ፤ ስትነሣም ተራ ለደረሰው ልጅ «ምታ!» ብሎ ጮኸ። ከሰልፉ መሀል ሊድያ ራኬቷን ጥላ በደረቷ ተደፋች። ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። አንድም ልጅ አልሳቀም፤ የሻምበልን ያስደነገጠውም ይኼው ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጦርነቱ በሰፈሯ ሲያልፍ «ምታ!» የሚለውን ቃል ከአጥር ወዲያ ሰምታዋለች። ታላቅ ወንድሟ ብዙነህ ያን ቀን እንደወጣ ቀረ። አንዱ ወደ አበርገሌ ሲወርድ አየሁት ይላል፣ ሌላው የለም ይላል። ለቅሶም አልተቀመጡለት። ብዙነህ የሻምበል ተማሪ ነበር፤ የተወረወረ ኳስ ከእጁ አያመልጥም። ዛሬም ልጆች ሲያሰልፍ ከጫፍ እሱ የቆመ ይመስለዋል። ቀና ብሎ ማየት ይፈራል።

ኳሱስ ይቅር፤ ግን የሚመጣውን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና መቀበል የለመደች ልጅ ምን ሆና ታድጋለች? ቃሉን ለወጠው።

«አትመቻትም፣ የኔ ልጅ። የመጣችውን መልሺልኝ ብቻ» አላት ተንበርክኮ። «ነጠረች… መልሺ!»

ስንት ጊዜ ሳተች! በመጨረሻ ግን ዓይኗ እንደተገለጠ መታቻት፤ ኳሷ ገመዱን ተሻግራ ደረቱ ላይ አረፈች። የሻምበል እልል ማለት ቃጣው።

በማግስቱ ከደወል በፊት ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ግድግዳ ፊት ለብቻዋ አገኛት። ትመታለች፤ ግድግዳው ይመልስላታል። ደስ እያለው ጠጋ አለ። ከዚያ ድምፅዋን ሰማ።

«ነጠረች… መልሰው! ነጠረች… መልሰው!»

«መልሳት ነው የሚባለው፣ ሊድያ። ኳሷን አይደል?»

«ኳሷንማ ይመልሳታል፣ ቲቸር» አለች፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል።

ኳሷ ከአንድ የጥይት ቀዳዳ ጠርዝ ተላትማ ወደ ጎን ስትፈተለክ የሻምበል ሮጦ አነሣትና ለሊድያ መለሰላት። ሌላ የሚመልስላት ነገር አልነበረውም።