መስኮቱ ላይ የነበረው ብርድ ልብስ

ፌርፋክስ መንገድ ላይ አስተናጋጅ ሆኜ በምሠራበት ምግብ ቤት አንዲት ደንበኛችን ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው፣ «እሰይ! አሜሪካ ተስማማሽ፣ ወፈርሽ እኮ» አሉኝ። ጉንጬን ያሳበጠው የሉፐስ መድኃኒት ነው። ሉፐስ የገዛ ሰውነትሽ ጠላት ሆኖ የሚነሣብሽ በሽታ ነው፤ መገጣጠሚያዬን ሲጨርስ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። ያለ ምክንያት እፈራለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እበግናለሁ። የያዝኩትን ትሪ ከነሽሮው ግድግዳው ላይ ወረወርኩት።

«በስመ አብ!» ብለው ሴትዮዋ ተነሡ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት እየጎተተ አስወጣኝና «ኦኬ፣ ቤትሽ ሂጂ፤ ሬስት አድርጊ» አለኝ።

ፓልምስ ሰፈር ያለችው ቤቴ ውስጥ እናቴ ነበረች፤ እኔን ልታስታምም ከአዲስ አበባ መጥታ። እኔ ፀሐይ ከነካኝ ቆዳዬ ይነዳል፣ ትኩሳት ይጥለኛል፤ ስለዚህ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄዋለሁ። ለእሷ ግን ፀሐይ የማያድነው ነገር የለም። ሕፃንም፣ አራስም፣ የከፋውም ሰው ፀሐይ ይሞቃል። «ጨለማ ውስጥ ተቀምጠሽ እንዴት አይጨንቅሽ?» ትለኛለች። ሐኪሜ ከፀሐይ ራቂ እንዳለችኝ ብነግራት «የፈረንጅ ነገር» ብላ ታልፈዋለች።

በማግስቱ ፊቴ ሲቃጠል ነቃሁ። ብርድ ልብሱን ገንጥላ ጥላዋለች።

«ተነሽ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ሙቂ፤ ቀለል ይልሻል።»

አጠገቤ የነበረውን ብርጭቆ አንሥቼ ወረወርኩ። ያነጣጠርኩት መስኮቱን ይሁን እሷን ዛሬም አላውቅም። ፊቷን በእጇ ስትከልል ብርጭቆው እጇ ላይ ተሰበረ፤ ደሟ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። የጮህኩት እኔ ነኝ። «ዝም በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለችኝ። የሚቀጥለው ዓይኗን ቢመታስ? እናቴን እንዳልገድላት ፈራሁ።

ሐኪሜ ጋ ቀጠሮዬ ሲደርስ እናቴም አብራኝ ገባች። ሐኪሟ የታሰረውን እጅ አይታ ምን እንደሆነች ጠየቀች። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ።

«በር ቀረጠፈኝ በያት» አለችኝ። «የቤት ገመና ደጅ አይወጣም።»

በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦ «እኔ ነኝ ያቆሰልኳት። ቀኑን ሙሉ ይጨንቀኛል፤ ቁጣዬን መያዝ አቅቶኛል። እንዳልገድላት እፈራለሁ። እርጂኝ።» እናቴ አጠገቤ ሆና «አዎ፣ ልክ ነው» በሚል አኳኋን ራሷን ትነቀንቃለች። እሷን ሳይ እንባዬ መጣ።

«ለበር ነው እንዴ የምታለቅሺው?»

«እማዬ፣ እውነቱን ነገርኳት።»

በደኅናው እጇ በጥፊ አጮለችኝ። ሐኪሟ ዘላ መሐላችን ገባች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች፤ እኔም ጉንጬን ይዤ አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ፦ ጭንቀቱም ቁጣውም ከበሽታው ጋር ይመጣል፤ መድኃኒቱም ያባብሰዋል፤ ባሕሪዋ አይደለም፤ ይታከማል፤ ዛሬውኑ እንጀምራለን።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«የፀሐዩስ ነገር? እሱም እውነት ነው?»

«እሱም እውነት ነው።»

ቤት እንደደረስን መዶሻና ምስማር አምጪ አለችኝ። ደም የነካውን ብርድ ልብስ በታሰረ እጇ መስኮቱ ላይ ደግፋ ትቀጠቅጠው ጀመር። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤት ከወዲያ ይደበድባል።

«እማዬ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ!» አለችና የመጨረሻውን ምስማር መታችው።