ዐፊፋ አባቷን ያልጠየቀችው

ዐፊፋ እንድሪስ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ደምና ሽንት ስትመረምር ዓመታት አሳልፋለች። ሥራዋን የምትወደው ግራ ስለማያጋባ ነው። ናሙናው ይመጣል፣ ማሽኑ ቁጥር ያወጣል፣ እሷ ፈርማ ታስተላልፋለች።

ነገሩን ያመጣችው አለቃዋ ሐሴት ናት። መንግሥት እንደ ስኳር፣ ደም ግፊትና ኩላሊት ባሉ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎችን ወጪያቸውን ችሎ ሊያሠለጥን ስለሆነ ተመዝገቢ አለቻት። ዐፊፋ ተመዘገበች። ተመራማሪ ምን እንደሚሠራ ግን በቅጡ አታውቅም ነበር፤ ከመርማሪ የሚለየው በደረጃ ይመስላት ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ዶክተር ዘርዓብሩክ የሚባሉ ሽበታም የኩላሊት ሐኪም፣ «ጥያቄሽ ምንድነው?» አሏት።

እነሱ ጨርሰው ተራውን ለእሷ የሰጧት መሰላት። «ሥልጠናው ጠዋት ነው ከሰዓት?» አለች።

ፈታኞቹ ተያዩ። አንዷ አቀርቅራ ሳቀች። ዶክተሩ ሳይስቁ፣ «መመርመር የምትፈልጊውን ጥያቄ ማለቴ ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ምን እንደመለሰች አታስታውስም። ታክሲ ውስጥ ፊቷ እየጋለ ወደ ቤቷ ሄደች። ቆይቶ ግን አልፈሻል ተባለች። ለምን እንዳለፈች ማንም አልነገራትም፤ እሷም ደፍራ አልጠየቀችም።

ያኔ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈር ገና አልፈረሰም። ዐፊፋ ከአባቷ ጋር የምትኖረው እዚያ፣ ግድግዳ ከጎረቤት ጋር በሚጋራ ጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አባቷ አቶ እንድሪስ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲያከፋፍሉ ኖረዋል፤ ገበያው ሲነሳ ቤት ዋሉ። ስኳር አለባቸው። የልጃቸውን ዜና ሲሰሙ፣ «መንግሥት ልጄን የስኳር መድኃኒት አግኚ ብሏታል» እያሉ ሰፈሩን አዳረሱት።

«አባባ፣ የምፈልገው መድኃኒት አይደለም» አለቻቸው።

«ታዲያ ምንድነው?»

«ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊቱ ከመጎዳቱ በፊት ሽንቱ ላይ የሚታይ ምልክት አለ ወይ የሚለውን ነው።»

«ምልክቱ ከተገኘ በኋላስ?»

«ከዚያማ ሌላ ሰው ነው የሚቀጥለው።»

አቶ እንድሪስ ሌላ ሰው ለሚጨርሰው ነገር ይህን ሁሉ መማር ለምን እንዳስፈለገ አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር ለዐፊፋም ገና አልገባትም።

በማግስቱ ጎረቤታቸው እትዬ ዓለምጸሃይ በር ላይ ያዟት። «ልጄ፣ መድኃኒቱ ሲወጣ እኔንም አትርሺኝ» አሏት። እሺ ብትል ውሸት ነው፤ የለም ብትል ደግሞ ነፈገችኝ ሊሉ ነው። ፈገግ ብላ አለፈች።

ሥልጠናው በሚሰጥበት ሆስፒታል ጥናቷን ጀመረች። ለስኳር ክትትል ከሚመጡ ሕመምተኞች ናሙና ትወስዳለች፤ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ይወስዱ እንደሆነም ትጠይቃለች። ሁሉም ማለት ይቻላል እንወስዳለን ይሏታል። አንድ ቀን ጠዋት አቶ እንድሪስ ሽንታቸውን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው ላቦራቶሪው በር ላይ ተገኙ።

«አይሆንም አባባ። የራሴን ቤተሰብ ጥናቱ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድልኝም።»

«የአገሩ ሰው ሽንት ተፈቅዶ የአባትሽ ተከለከለ?»

ሰው እየሰማ ስለነበር ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻቸው። ጠርሙሱን አልተቀበለቻቸውም። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተውት ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ እንድሪስ ለጁምዓ ሶላት ወጥተው መስጊዱ በር ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ስኳራቸው ማሽኑ ከሚያነበው በላይ ነበር። ካልሲያቸው ሲወልቅ ትልቁ የእግር ጣታቸው ጠቁሮ ተገኘ፤ ማንም አላየውም ነበር። ጣቱ ተቆረጠ። የመረመራቸው ሐኪም ለዐፊፋ፣ ክኒኑን ካቆሙ ወራት እንዳለፋቸው ነገራት።

ትንሽ ሲሻላቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ክኒኑን ለምን ተዉት?»

«ያንቺ ሲመጣ ከድሮው ጋር እንዳይጋጭ ብዬ ነዋ።»

«ክትትል ሲሄዱ ይጠየቃሉ እኮ። ምን ይሏቸው ነበር?»

«እወስዳለሁ ነው የምላቸው። አልወስድም ካልኩ ይቆጡኛል። ደግሞ እዚያ የምትጠይቀኝ ነርስ ሁሌ ትቸኩላለች፤ አዎ እንድላት እንደምትፈልግ ፊቷ ይናገራል።»

«ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ዐፊፋ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ጠይቃለች። ከዚያ የእነዚያ ሰዎች «እንወስዳለን» ጆሮዋ ላይ መጣባት። እሷም ስትጠይቃቸው ቸኩላ ነበር።

ዶክተር ዘርዓብሩክ ቢሮ ገብታ ሥልጠናውን ማቆም እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። «አባቴን ለዚህ ያበቃው የእኔ ጥናት ነው። የሰበሰብኩትም እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኔም አላውቅም» አሉ። «ሰዎቹን እንደገና ልታገኚያቸው ትችያለሽ?»

«ምን ብዬ ልጠይቃቸው?»

«እሱን አብረን እናስባለን። መቅረት ከፈለግሽ ግን አልይዝሽም።»

ከዚያ ወጥታ የቸርችል ጎዳናን ዳገት በእግሯ ወጣች። ፒያሳ ስትደርስ ልታቆም ወስና ነበር፤ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ሐሳቧን ቀየረች። ከተወችው እነዚያን «እንወስዳለን» ያሏትን ሰዎች እንደገና የሚጠይቃቸው አይኖርም።

ወደ ሕመምተኞቹ ተመለሰች። አሁን ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ ትናንት እንዴት እንደዋሉ፣ ምን እንደበሉ፣ ክኒኑ ሆዳቸውን ይረብሻቸው እንደሆነ ታወራቸዋለች። አንዳንዶቹ ዙሪያቸውን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማቆማቸውን ነገሯት። አንዱ ጠበል ጀምሮ ነው፤ ሌላዋ ከባሏ ጋር ክኒን ትካፈላለች። ያን ሁሉ አስገብታ ስታሰላው መጀመሪያ ጎልቶ ይታይ የነበረው ምልክት ደበዘዘ። አለ ለማለትም፣ የለም ለማለትም አልሆነላትም። ይህንኑ ሳትደብቅ ጽፋ አቀረበችው። ጥናቱን የገመገሙት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተከራክረው ሥልጠናዋ ለሁለተኛ ዙር እንዲራዘም ወሰኑ።

ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«እና ምን አገኘሽ?» አሉ አቶ እንድሪስ።

«ገና በደንብ አልታወቀም።»

«መንግሥትስ ምን አለሽ?»

«ቀጥዪ አለኝ።»

አቶ እንድሪስ ነገሩ አልገባቸውም። «ይሁን፣ አላህ ያግዝሽ» ብለው ውኃ እንድታቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷም አጠገባቸው ቆማ ክኒናቸውን እስኪውጡ ጠበቀች።