ድምፅ ማጉያዬ በወህኒ ግቢ

ወታደሮች ቤቴን እንደ በረበሩ የሰማሁት ከጀጎል በሮች በአንዱ፣ ፈላና በር ገበያ፣ ጨው ስገዛ ነው። ጎረቤቴ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ መጣች።

«አንቺ፣ ምን ጉድ ነው ያስቀመጥሽው? ሽቦ የተተበተበበት ሳጥን ተሸክመው ወጡ። ለጠላት ወሬ የምታቀብልበት ነው ይላሉ። ሁለቱ ደጃፍሽ ላይ ቆመዋል፤ ዘመድ ጋ ሂጂ!»

አልሄድኩም። ቤት ውስጥ ጆሯቸው የደከመ አማቴ ብቻቸውን ነበሩ። ሳጥኑንም የጀመርኩት ለእሳቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የቀደሱ ቄስ፣ ዳዊት ሲደገም አልሰማ ብሏቸው ሲያለቅሱ አይቼ። አንድ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ አሠራሩን አሳየኝ። በስልክ አፍ የገባ ድምፅ በሬዲዮ አምፑል አልፎ ይበረታና በግራሞፎን ቀንድ ይወጣል። ባትሪው ሁለት ነው፤ ትንሹ አምፑሉን ያግላል፣ ትልቁ ድምፁን ያበረታል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የትልቁ ሽቦ በትንሹ ቦታ ከገባ አምፑሉ ብልጭ ብሎ ይሞታል። የመጀመሪያውን እንዲሁ ገደልኩት። የቀረኝ አንድ ነበር።

ደጃፌ ላይ ያዙኝ። ያስገቡኝ የወህኒ ክፍል የራሰ ጭድና ሽንት ይሸታል። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ነው። አንዲት የጀጎል አሮጊት ግድግዳ ተደግፈው ያስላሉ። ልጃቸው ድንበር ተሻግሮ ስለ ቀረ በእሱ ፈንታ የተያዙ ናቸው። እስረኛ የሚበላው ዘመድ ሲያመጣለት ነው፤ የእሳቸውን ሰዎች ግን በር ጠባቂው «እዚህ የለችም» እያለ ይመልሳቸዋል። ጮኸው እንዳይጠሯቸውም ሳል ድምፃቸውን ወስዶታል።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። መቁጠሪያዬን እጀምራለሁ፣ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እነሣለሁ።

«ያ ረቢ! ልጄ፣ ወለሉን ልትጨርሺው ነው። ተቀመጪ፣ እኔንም አዞረኝ።»

«እርስዎ እንዴት ቻሉት፣ እናቴ?»

«ማን ቻለ አለሽ? እግሬ እንቢ ብሎኝ እንጂ!»

ከቀትር በኋላ ክፍሉ ይጠረግ ተባለና ሁለታችንንም አወጡን። የወህኒው ሹም ሳጥኔን ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል።

«ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ዛሬ እንሰማለን» አለ። «ዝም ካለ ሆን ብለሽ አበላሽተሽዋል ማለት ነው፤ በሰንሰለት አዲስ አበባ ትሄጃለሽ።»

ይህን ብሎ የትልቁን ባትሪ ሽቦ አነሣና ወደ ትንሹ ቦታ ወሰደው።

«ጌታዬ፣ እዚያ አይደለም።»

«ዝም በይ! ልታታልዪኝ ነው?»

ሽቦው ሊነካ ጥቂት ቀረው።

«በንጉሥ አምላክ!» አልኩ።

በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ያነሣውን ዱላ እንኳ ይመልሳል፤ አልፎ ከሄደ ንጉሡን ናቀ ይባላል። ንጉሥ ከድታለች ብሎ የያዘኝ ሰው እጁ አየር ላይ እንደ ቆመ አፈጠጠብኝ። አንዱ ዘብ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

«እሺ፣ ራስሽ አድርጊው!»

በስመ አብ ብዬ ሽቦዎቹን በየቦታቸው አሰርኩ። አምፑሉ ቀላ። የስልኩን አፍ ወደ ሹሙ ዘረጋሁ።

«ይናገሩበት።»

«እኔ? ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል!»

አሮጊቷ ከእጄ ወሰዱት። በሰለለችው ድምፃቸው «ቢስሚላህ» ሲሉ ቀንዱ ጮኸ። በራሳቸው ቋንቋ ቀጠሉ። ያሉትን ኋላ ነገሩኝ፤ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ በሕይወት እዚህ መሆናቸውን። ከበሩ ውጭ ምግብ ይዘው ከቆሙት መካከል አንዲት ሴት በዚያው ቋንቋ እየጮኸች መለሰች።

«አጥፊው!» አለ ሹሙ።

እሳቸው እስኪጨርሱ ቆየሁ። ሲጨርሱ ሽቦውን ፈታሁ።

ማታ በር ጠባቂው አንገቱን ደፍቶ የዘመዶቻቸውን ሣህን አስገባ። አሮጊቷ ሃይማኖቴን ያውቃሉና «ሥጋው የእኔ፣ ዳቦው ያንቺ» ብለው ምግቡን አካፈሉኝ። ሳጥኑ ከሩቅ ሰው ጋር እንደማያነጋግር ስለ ታየ በማግሥቱ እኔ ተፈታሁ። ሳጥኑን አልመለሱልኝም፤ እሳቸውንም አልፈቷቸውም። ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ ገባና ሁላችንንም በተነን።

አሁን ያለሁት ኢየሩሳሌም ነው። ብዙ ነገር ለእግዚአብሔር ትቻለሁ፤ ይኼን አንዱን መተው አልሆነልኝም። በዚያ ቀን በሩ ላይ የቆማችሁ፣ ይልቁንም ያን ጊዜ የመለስሽው እኅቴ፣ አብረውኝ የታሰሩት እናቴ በእግራቸው ወጥተው ቤታቸው ገብተው እንደ ሆነ ወሬ ላኩልኝ። በጸሎት ስማቸውን ስጠራ ከሕያዋን ጋር ልጥራቸው ከሙታን አላውቅም።