ለኦፓሉ የሞረድኩት ብረት

ባለቤቴ ሶዶ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቃችን ወርቅና ብር ሲሠራ ኖሯል። እኔ ያለቀውን እወለውላለሁ እንጂ መሣሪያዎቹን አልነካም ነበር። ደም ግፊት ጥሎት ቀኝ እጁና ምላሱ ከተያዙ በኋላ ግን የመቦርቦሪያው ሞተር ፊት የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። እሱ አጠገቤ ወንበር ላይ ይውላል። የቀረችው ቃል «አይ» ብቻ ናት፤ ለእሺም ለእምቢም እሷኑ ነው የሚላት።

አንድ ቀን ከሁምቦ የመጡ እናት ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ኦፓል ፈቱ። ከላይ እንደ ባቄላ ያበጠ፣ ከታች ዝርግ፣ ውስጡ አረንጓዴና ቀይ እሳት የሚንቀለቀልበት ድንጋይ ነው።

«ወንዱ ልጄ ወሎ ድንጋይ ሊቆፍር ሄዶ የላከልኝ ነው» አሉ። «ኋላ ጉድጓዱ ተናደበት። አስከሬኑንም አላየሁ። ቀለበት አድርጊልኝ፣ ጣቴ ላይ ይሁን።»

ቀለበቱን ከብር ሠራሁ። የጨነቀኝ የድንጋዩ መቀመጫ ነበር። መቀመጫውን የምንቦረቡርበት፣ ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ባለ ጥርስ ብረት ጫፉ ሹል ነው፤ የተሠራው ታቹ ለሾለ ድንጋይ ነው። በእሱ ከተቦረቦረ መሀሉ ይጎደጉዳል፤ ታቹ ዝርግ የሆነ ድንጋይ ደግሞ እዚያ ላይ ሲጫኑት ይሰበራል። ባለቤቴ የብረቱን ጫፍ ሲያስተካክል ከጀርባው አይቻለሁ፤ ጠይቄው ግን አላውቅም።

ብረቱን እያሽከረከርኩ መሳያ ድንጋይ አስነካሁት። «እንዲህ ነው?» አልኩት።

«አይ።»

ትንሽ አዘነበልኩት። «እንዲህስ?»

«አይ!» አለና እንባው መጣ። እሺ ይበል እምቢ ማወቅ አቃተኝ። በግራ እጁ ክንዴን ይዞ ቀና ሊያደርገው ሞከረ፤ ጉልበት አነሰውና ተወው። ብቻዬን ቀጠልኩ። እንዳይግል ውሃ እየነከርኩ፣ ሹሉ ጠፍቶ ጫፉ ዝርግ እስኪሆን ሞረድኩት። የቀለበቱን ግድግዳ እንዳይበላ የጎን ጥርሶቹንም አለዘብኩ። ኦፓሉ ገብቶ ሲቀመጥ ንቅንቅ አላለም። የብሩን ጠርዝ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ አጠፍኩበት። ባለቤቴ አንገቱን አስግጎ አየው።

በጋው ሲጠና እናትየው ተመለሱና ጣታቸውን ዘረጉልኝ። ኦፓሉ ዝናብ እንዳጣ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ እሳቱ ጠፍቶ ነጥቷል።

«ምን አደረግሽው ልጄ?»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። መቀመጫው እንዳለ ነው።

«እናቴ፣ ይሄ ድንጋይ ውስጡ ውሃ አለው። ውሃው ሲደርቅ በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። የእኔም የእርስዎም ጥፋት አይደለም።»

«ውሃ ብንነክረውስ?»

«አይመለስም።»

«ሌላ እኮ የለኝም» አሉ። «የልጄ ፎቶ እንኳ የለኝም።»

ቀለበቱን ሳያወልቁ ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

የተሰነጠቀውን ድንጋይ ካየ ወዲያ ባለቤቴ ሱቅ መሄድ እምቢ አለ። ጠዋት ላለብሰው ስል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔ ግን ሄጄ እከፍታለሁ፤ የተበጠሰ ሐብል እበይዳለሁ፣ የጆሮ ጌጥ መንጠቆ እቀጥላለሁ። ድንጋይ ይዞ ለሚመጣ አልሠራም እላለሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም።