ከፊቷ የነበረው ራኬት

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ለወንድሜ ልጅ ኳስ ልገዛ ሱቅ ስገባ፣ ሻጩ ሳልጠይቀው አንድ የቴኒስ ራኬት አስያዘኝ። የእጀታው አዲስ ላስቲክ ሸተተኝ። «መቺ ነሽ ወይስ መላሽ?» አለኝ። ራኬቱን መልሼለት ኳሱንም ሳልገዛ ወጣሁ። ለሻጩ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ፍኖተ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር፣ ከቡሬ ገጠር ከመጣች ጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የምጫወተው እንደምናገረው ነው፤ ወደኋላ ቆሜ የመጣውን በቀስታ እመልሳለሁ። እሷ ኳሱን እንደ ግንድ ትፈልጠው ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ መስመሩን በአመድ ባሰመርነው ሜዳ፣ ጅማቱ በላላ አንድ አሮጌ ራኬት እየተፈራረቅን ከግድግዳ ጋር እንለማመዳለን። ታኅሣሥ ስለነበር ከአጥሩ ማዶ እህል ይወቃል፤ የጭዱ ብናኝ በፀሐዩ ውስጥ እየተንሳፈፈ መጥቶ ላባችን ላይ ይለጠፋል።

በዚያ ወር ለክልል ውድድር አንዲት ልጅ ልትመረጥ ሆነ። የጓደኛዬ አባት ቄስ ናቸው፤ ሠርጓን ለጥር ቆርጠው ነበር። የስፖርት መምህራችን ከቤታቸው ድረስ ሄዶ ለመናቸው። «እንግዲህ መምህር፣ ከተመረጠች ትምህርቷን ትጨርስ። ካልተመረጠች ግን የሰው ጠላ ተጠንስሷል» አሉት።

የምርጫው ዕለት ጠዋት መምህሩ በእርዳታ የተገኙ ሁለት ራኬቶች ይዞ መጣ። ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ፣ እጃችን የወደደውን እንድናነሣ ነገረን። እሱ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። ጓደኛዬ ቀና ብላ አላማረጠችም፤ ጎንበስ ብላ ከፊቷ ያለውን፣ ቀሊሉንና ፊተ ሰፊውን አነሣች። ለእኔ ከባዱ ቀረ። መምህሩ አየት አደረጋትና ወደ መረቡ ሄደ፤ እጇ የወደደው መስሎት ነው።

እኔ ወዲያው ተሸነፍሁ፤ ከባዱ ራኬት ክንዴን እየጎተተ ኳሱ ሁሉ ከመረቡ ሥር ቀረ። እሷ ከአንዲት የከተማ ልጅ ጋር ገጠመች። ያቺ ልጅ የወንድሟን ራኬት ይዛ መጥታለች። ጓደኛዬ በመታች ቁጥር ኳሱ አመዱን አልፎ ይሄዳል። አጥብቃ ትመታለች፤ ይብሱን ይርቃል። በእረፍቱ ከባዱን ራኬት ዘረጋሁላት። በይሉኝታ የለቀቅሁላት መስሏት መለሰችልኝ። «ተይ፣ ያንቺ ድርሻ ነው» አለችኝ።

እሷም ተሸንፋ ሲያልቅ መምህሩ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉልበቷን ከራሷ ለምታመጣ ልጅ ከባዱ ራኬት ኳሷን ሜዳ ውስጥ ያቆይላት እንደነበር፣ ቀሊሉ ጉልበት ለሌላት እንደሚሆን ያን ጊዜ ነገረን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ለምን ከባዱን አላነሣሽም?» አላት።

«ከፊቴ አልነበረም» አለችው።

እኛ አገር ልጅ ለመሶብ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ ከሰው ፊት አይቆረስም። ይህን ለመምህሩ ማን ይንገረው?

ዛሬ ወደ ተዳረችበት መንደር መኪና አይሄድም፤ ስልኩም ከጠፋ ቆይቷል። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በሠርጓ ቀን፣ ሚዜ ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ዳሱ ውስጥ የእርጥብ ቅጠልና የጠላ ሽታ ታፍኗል። የሙሽራው አክስት መጥተው የቀኝ እጇን ገለበጡት። ከጣቶቿ ሥር ራኬት ያደደረውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«እሰይ፣ ምሳር የለመደ እጅ ነው። ቤት ታቆማለች።»

ሴቶቹ እልል አሉ። እሷ ከሻሹ ሥር ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፋ መዳፏን ዘጋችው።