ከፎቶው የቆረጥሁት ወታደር

የአገራችን ጦር ሞቃዲሾ በገባ በጥቂት ወሩ፣ አንድ እሁድ እዚህ በምንኖርበት ባሕር ማዶ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር፣ የባለቤቴ ወንድም አፓርትመንት ምሳ ተጠርተን ነበር። ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ከፈተ። አብሮ አደጉ ወታደር ሆኖ ዘምቶ ኖሮ ፎቶ በኢሜይል ልኮለታል።

«ኑ፣ ሞቃዲሾን ላስጎብኛችሁ» አለን።

በመጀመሪያው ፎቶ ጣሪያው የተገነጠለ ካቴድራል አለ፤ ወታደሩ አጠገቡ ቆሞ ሁለት ጣቱን ቀስሯል። በሌላው፣ ከየት እንደተጎተተ የማይታወቅ የፀጉር ቤት ወንበር ፍርስራሹ መሃል ተቀምጦ፣ እሱ እግሩን አነባብሮ ተንፈላሶበታል። ከኋላው ጀሪካን የያዘች ሴት ፊቷን አዙራ ታልፋለች።

«ተረኛው ማነው? ይላጫል እኮ!» አለ አንዱ እንግዳ፣ ጥብስ የነካ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሴትዮዋ ጋ እያሳረፈ። ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳያባራ ዓይኔ ሴትዮዋ ላይ የቀረው የቅባት አሻራ ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ ክሪስታል ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው። አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ የሞቃዲሾ ሰው ናቸው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። እርስ በርስ ጦርነቱ ከከተማው እስኪያስወጣቸው ድረስ ካቴድራሉ አካባቢ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሙሽሮችን ከካቴድራሉ ፊት ያነሳሉ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ይወስዷቸዋል። ሲሸሹ ግን አንድም ፎቶ አልያዙም።

ሰኞ ስንገናኝ ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፣ «የከተማዎን ፎቶ አየሁ» አልኋቸው።

«ካቴድራሉን?»

«አዎ።»

«አምጣልኝ።»

ፎቶዎቹን ከባለቤቴ ወንድም አስልኬ፣ እዚህ ፋርማሲም ፎቶ ስለሚያትም እዚያ ሁለት ሁለት ኮፒ ፕሪንት አስደረግሁ። ቤት ስገባ ያንን የተቀሰረ ጣት ለእሳቸው ማሳየት ቀፈፈኝ። የኩሽናውን መቀስ አነሳሁ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ሰውዬውን እያወጣሁት ነው።»

ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች።

በማግስቱ በብሬክ ሰዓት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የካቴድራሉን ፎቶ ወደ መብራቱ አስጠጉት። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ነው።

«እዚህ ማን ነበር የቆመው?»

«ማንም። ወረቀቱ ተበላሽቶ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ ሳነሳ ነው የኖርሁት። ይኼ ትከሻ ነው። ይኼ ደግሞ» አሉና ጥፍራቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉ፣ «የጠመንጃ አፈሙዝ ነው፤ ረስተኸዋል።»

ፊቴ ጋለ።

«ሰውዬውን ስትቆርጥ ከጎኑ ያለውን ግድግዳም ወስደኸዋል። የፎቶ ቤቴ በር እዚያ ጋ ነበር። ያልተቆረጠው የለህም?»

በማግስቱ ሌላውን ኮፒ አመጣሁ። ወታደሩ ጣቱን እንደቀሰረ ነው። ከክንዱ ሥር፣ ራቅ ብሎ፣ ግማሹ የተሰበረ ሰማያዊ በር ይታያል። በዚያ ሳሎን ያ ሁሉ ሰው ሲያየው በሩን ያስተዋለ አልነበረም።

«ይኸው» አሉ፤ በሩን ደጋግመው ዳበሱት። ቆይተው ወታደሩን አዩት። «ልጅ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ብዙ ሆናችሁ ነው ያያችሁት?»

«ስምንት እንሆናለን።»

«ሳቁ?»

«አዎ።»

«አንተስ?»

መዋሸት አቃተኝ። «እኔም።»

ፎቶዎቹን ሰብስበው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሰላም ይሉኝ ነበር፤ ሥራውን እስኪለቁ ድረስ ግን ስለ ሞቃዲሾ አንዲት ቃል አላነሱልኝም።

የሆነውን ለባለቤቴ ወንድም ነገርሁት። «አንተ ደግሞ! ፎቶ ነው እኮ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ምሳ በጠራን ቁጥር ሺፍት አለብኝ እል ነበር። ባለቤቴ አኮረፈች። ቢሆንም እዚያ ሳሎን ተቀምጬ እህል መዋጥ የምችል አልመሰለኝም።